ነገ ትናንትን እስከመሰለ ድረስ

በ2071 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ «እንደምን አደራችሁ?» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ «እንደ ትናንት» ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ነጋዴውም ሠራተኛውም እንዲሁ ይላል። ከዚህ የተሻለ ወሬ አልነበረም። አንድ ሰው ተሳስቶ «ዛሬስ ለየት ብሎኛል» ካለ ጠያቂው ሰላምታውን አሳጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። ክፋት አይደለም፤ እሱም ቤቱ ልጆች አሉት።

ኤልዳና ከቦርከና ድልድይ ከፍ ብሎ ፀጉር ቤት ነበራት። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምትገዛው ከአንድ ሱቅ ነው። ዳቦው ያደረ ነው፣ ማዶ ያለው ሱቅ ትኩስ ይሸጣል፤ እሷ ግን ከለመደችው አትወጣም። ከባለሱቁ ጋር ስለ ዳቦው መድረቅ ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቁም የከረመ ነው፤ ሁለቱም ቃላቸውን በቃላቸው ይዘውታል።

ድሮ ሰው ፀጉር ቤት የሚሄደው መልኩን ለመቀየር ነበር ይባላል። የኤልዳና ደንበኞች የሚመጡት መልካቸው እንዳይቀየር ነው። ጎረቤቷ እክራም ልጃገረድ ሳለች የጀመረችውን ሹሩባ ሦስት ልጅ ወልዳም አልተወችውም፤ ፊቷ ሰፍቶ ሹሩባው ጠቧታል። «ኤልዱ፣ እስቲ አንድ ቀን ሙልጭ አድርገሽ ላጪኝና ይለይልን» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ኤልዳና ያንኑ ሹሩባ ትሠራላታለች።

ማንም አላስገደዳቸውም። ያንን ዘመን የሚያወራ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በየበሩ ፖሊስ የቆመ ይመስለዋል። ፖሊስ አልነበረም፤ የነበረው ዋስትና ነው። በሽተኛውን የሚያክመው፣ ውሃውን የሚያጣራው፣ የጭነት መኪናውን የሚነዳው፣ በተከሳሹ ላይ የሚፈርደው ማሽን ሁሉ ዋስትና ነበረው። በሂሳብ የተረጋገጠ፣ የትኛውም ፕሮፌሰር የማያፈርሰው ዋስትና። ከሺህ አንዴ ቢሳሳት ነው፣ ከዚያ አያልፍም። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት ሐረግ ነበረችው፦ «ነገ ትናንትን እስከመሰለ ድረስ።» ማሽኑ የተማረው ከትናንት ነውና፣ እንግዳ የሆነ ነገ ከመጣበት ሂሳቡ አይሠራም። መጀመሪያ ላይ ሐረጓን ልብ ያላት አልነበረም። ኋላ ሰው ሲገባው ነገን ትናንት ለማድረግ በየቤቱ ይተጋ ጀመር። ቸርነት ነው ቢባልም ያስኬዳል፤ ምክንያቱም አንዱ ሲለወጥ ማሽኑ የሚደናገረው በሰፈሩ ሁሉ ላይ ነው።

የኤልዳና ልጅ ወለላ ሃያ ዓመቷ ነው። ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ ሥርዓት አታውቅም፤ ትሮጣለች፣ ትቆማለች፣ መምታቱን ትዘነጋዋለች። ትምህርት ቤት ሳለች ደረቷ ውስጥ የገባላት ነገር ልቧ መቼ መምታት እንዳለባት ይነግራታል፤ ለእሱ ደግሞ የሚነግረው ማሽኑ ነው። እጇ ላይ ባለው አምባር ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች ማሽኑ ወለላን ያውቃታል። ቢጫ ከሆነች ተጠራጥሯል። ከጠፋች «አላውቅም» ብሎ እጁን አንስቷል ማለት ነው፤ ልቧ ብቻዋን ቀርታለች። ብቻዋን ስትቀር ምን እንደምትሆን ሐኪሞቹ ተጠይቀው ነበር። ምናልባት ትችለዋለች፣ ምናልባት አትችለውም፣ እኛ ዋስ አንሆንም አሉ።

ለልቧ ዋስትና ለመውሰድ ወደ ዋስትና ጽሕፈት ቤት የሄዱት ኤልዳናና ባሏ ሱራፌል አብረው ነው። የተቀበላቸው ቃለአብ የሚባል ወጣት ነበር፤ ሰው ሲያወራው አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያዳምጥ፣ ትሕትናው የማይነቀፍ ልጅ።

«ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ጋሼ» አለ ቃለአብ። «አንዱ የአማካይ ዋስትና ነው። ከሺህ ልጆች አንዷ ላይ ብቻ ይሳሳታል።»

«አንዷ የኔዋ ከሆነችስ?» አለ ሱራፌል።

«ዋስትናው አልፈረሰም።»

«ለማን ነው ያልፈረሰው?»

«ለሺዎቹ።»

ሱራፌል ሚስቱን አያት። ኤልዳና መሬት መሬት ታይ ነበር።

«ሁለተኛው የጸጸት ዋስትና ነው» አለ ቃለአብ። «ዕለት ዕለት ይሳሳት ይሆናል። ዓመታት አልፈው ወደኋላ ሲታይ ግን ጸጸቱ ትንሽ እንደሚሆን በሂሳብ እናረጋግጥልዎታለን።»

«ጸጸቱ የማን ነው? የማሽኑ ነው የኔ?»

«የድምሩ ነው፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«የክፉ ቀን ዋስትናም አለ። ምንም ቢመጣ፣ ነገ ከትናንት ጋር ባይገናኝም የማይፈርስ። እሱን ግን ለልብ የሚሆን እስካሁን ያገኘ የለም።»

«ለምን የሚሆን ተገኘ ታዲያ?»

«ለአሳንሰር አለን። ከተጠራጠረ ይቆማል፣ በቃ። ልብን ማቆም ደግሞ…» ቃለአብ እጁን ዘረጋ። ቀጥሎ የመጨረሻውን ነገራቸው። «ይሄኛው የዝምታ ዋስትና ይባላል። ሲያውቅ ይናገራል፣ ሲናገርም አይሳሳትም። የማያውቀው ሲመጣበት አላውቅም ብሎ እጁን ያነሳል። ከሁሉም የሚታመነው እሱ ነው።»

«በኛ አገር ዋስ የሆነ ሰው» አለ ሱራፌል፣ «ዋስ የሆነለት ከጠፋ በእግሩ ገብቶ ይታሰራል። ያንተ ዋስ ነገር ሲከፋ እጁን አንስቶ ይሄዳል።»

«ግን ዋሽቶ አያውቅም» አለ ቃለአብ።

ያንኑ የዝምታውን ወሰዱ። ሌላ ምን ያደርጋሉ? እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለዓመታት መብራቷ አልጠፋችም። ወለላ ተማረች፣ ሳቀች፣ በእናቷ ፀጉር ቤት ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብላ ለልጆች ሹራብ ትሠራ ነበር። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ሱራፌል የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበር። መኪናው ራሱን ይነዳል፣ እሱ ይቀመጣል፤ ሕጉ አንድ ሰው ይቀመጥ ስለሚል ነው። ቤቱ ብዙ አይገኝም፣ ማታ ማታ ግን ለወለላ ይደውላል። ምን በላሽ፣ ምን ሠራሽ ይላታል፣ ከዚያ ስለ አፋር ግመሎች ውሸት ይነግራታል። ግመል ሆቴል ገብቶ ሻይ አዝዞ፣ ስኳር አነሰው ብሎ ተጣልቶ፣ እንዲህ ያለውን። ወለላ ሳቋን እየያዘች «ከዚያስ?» ትለዋለች።

በኅዳር፣ መኪናው የባቲን ቁልቁለት ሲወርድ በዚያ ወር ታይቶ የማያውቅ በረዶ ወረደ። መንገዱ በአንድ አፍታ ነጣ። መኪናው እንዲህ ያለ ኅዳር አልተማረም። «አላውቅም» አለና እጁን አነሳ። ሱራፌል መሪውን ሳይዝ አልቀረም፣ ግን ቁልቁለት ላይ መሪ ከያዘ ስንት ዘመኑ። የዚያ ወር ዘገባ በመንገዱ ላይ አንድም ስህተት እንዳልነበረ ይገልጻል። እውነት ነው፤ ማሽኑ አልተሳሳተም፣ አላውቅም ነው ያለው።

ሞት በወሎ እንዲህ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስና ከቤት ሳይወጣ ይደረስበታል። ቁጭ ያደርጉታል፣ በግራ በቀኝ ይይዙታል፣ ከዚያ ይረዳል። ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ሲወድቅ የሚያነሳው እጅ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። መርዶ ማለት ይሄ ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ተብሎ የተሠራ ሥርዓት።

ኤልዳና በቁሟ ነው የተነገራት። ቃለአብ ረፋዱ ላይ ፀጉር ቤቷ መጣ። ሁለት ሴቶች ካስክ ውስጥ ገብተው ፀጉራቸው እየደረቀ ነበር፣ ከማድረቂያው ጩኸት የተነሣ አይሰሙም። ሦስተኛዋ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ቃለአብ ወደ ኤልዳና ጆሮ ጠጋ አለ።

«እትዬ ኤልዳና፣ እንዳይጮኹ። ልጅዎ ጓዳ ናት። ጋሼ ሱራፌል ዐርፈዋል።»

ማበጠሪያው እጇ ላይ ነበር።

«ወለላ ከሰማች ልቧ ይለወጣል» አለ፣ ድምፁን የበለጠ ዝቅ አድርጎ። «ማሽኑ ያዘነችውን ወለላ አያውቃትም። መስከረም ላይ አዲሱ ዋስትና ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቀስ አድርገን እናሳዝናታለን፣ በመጠን በመጠን። እስከዚያ ማታ ማታ ይደወልላታል። ድምፃቸው አለን። ሳላቸውም አለን።»

«ለቅሶውስ?» አለች ኤልዳና። ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልመጣላትም።

«መስከረም ይደርሳል፣ እትዬ።»

ወጥቶ ሄደ። ኤልዳና የጀመረችውን ሹሩባ ጨረሰች። ደንበኛዋ መስታወት አይታ «እንደ ትናንት» አለች በደስታ። ባቲ ሄደው ሱራፌልን ያስቀበሩት እክራምና ባሏ ናቸው። ኤልዳና አልሄደችም፤ ባቲ የመሄድ ልማድ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ፍርሃት ነው። ኤልዳና ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታየው የልጇን ፊት አልነበረም፤ አምባሩን ነው። ወለላ ስትስል ትደነግጣለች፣ ዝም ስትልም ትደነግጣለች። መንገድ ላይ ከሱራፌል ጋር የሠራ ሹፌር ካየች ዞራ ትሄዳለች፤ አፉ ካመለጠውስ? ማታ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ይመጣል። ስልኩ ይጮኻል።

ስልኩ ሲጮኽ ኤልዳና ሥራ አላት። ዕቃ ታጥባለች፣ ግቢ ትጠርጋለች፣ ውሻ የሌለው ጎረቤት ውሻ ጮኸ ብላ ትወጣለች። አንድ ማታ ብቻ አመለጣትና ቁማ ሰማች። ድምፁ ስለ ግመሎች ያወራል። ግመሉ ባንክ ገብቶ ወረፋ አልጠብቅም አለ። ወለላ ትስቃለች። ከዚያ ድምፁ ሳለና፣ «እናትሽ ዛሬም ወጡን ጨው በጨው አደረገችው?» አለ። ሱራፌል ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር። ኤልዳና ሽንት ቤት ገብታ የበላችውን ሁሉ አስመለሰች። ግመሉ ባንክ ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ድምፁ አዲስ ውሸት ተምሯል።

አላለቀሰችም። ያበጠ ዓይን ይዛ የት ትገባለች? አንድ ቀን ለእክራም «ካስክ ውስጥ ገብቼ ልጩኽ ይሆን?» አለቻት። እክራም አልሳቀችም። «ኤልዱ፣ ይሄ ነገር ሐራም ነው» አለች። ቀጥላ የወለላን የጓዳ በር አየችና፣ «እኔም ብሆን ግን…» ብላ ተወችው።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ኤልዳና ጎሕ ሲቀድ ውሃ ልታስገባ የግቢውን በር ከፈተች። ከአጥሩ ሥር ሰዎች በመደዳ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም አይናገርም።

ሁሉንም አወቀቻቸው። የሱራፌል እህት ረድኤት ናት፣ ከነሽማግሌዎቿ፣ ከወረኢሉ በላይ ካለው አገሯ። እዚያ ደጋ ላይ ዋስትና አልደረሰም፤ የሰዉ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ የሚማርበት ትናንት አይበቃም ተብሎ ቀርቷል። ሰዉ እንደፈለገ ያለቅሳል፣ እንደፈለገ ይስቃል። አንድ ሹፌር በዚያ ሲያልፍ የሱራፌልን ሞት ለረድኤት ነግሯታል። ኮምቦልቻ ደርሶ የመጣ ሰው ሲጠየቅ ደግሞ ኤልዳና ፀጉር ቤቷን ከፍታ እየሳቀች ትሠራለች አለ። ታዲያ ያገር ሰው ምን ይገምታል? አልተረዳችም ብሎ ገመተ። ምስኪን፣ ባሏ ሞቶ ማንም ሳያረዳት ከርማለች። ስለዚህ ሌሊቱን ተጉዘው፣ እንደ ደንቡ፣ መርዶ ይዘውላት መጡ።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ አባባ ኪሩቤል።

«እንደ ትናንት» አለች ኤልዳና። አፏ ነው የመለሰው።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «ቁጭ በይ እስቲ» አሉ።

ሁለት ሴቶች ተነሥተው መጡ፣ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ክንዷን ያዙ። እጃቸው ሞቃት ነበር። ኤልዳና ከኅዳር ጀምሮ ስትፈልገው የኖረችው ይህን ነበር፤ አንድ ሰው ክንዷን ይዞ ቁጭ በይ እንዲላት። ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ከጀርባዋ የወለላ መስኮት ነው። ገርበብ ብሏል።

«ሱራፌል ልጃችን…» አሉ አባባ ኪሩቤል፣ ድምፃቸው እየተሰበረ።

«ደህና ነው» አለች።

ሴቶቹ ክንዷን አጥብቀው ያዙ። መርዶ የሚረዳ ሰው መጀመሪያ እንደሚክድ ያውቃሉ።

«ኤልዱዬ» አለች ረድኤት፣ ከመሬት እየተነሣች፣ «እኔ ልሙትልሽ፣ ወንድሜ በኅዳር…»

«ትናንት ማታ ደውሎ ነበር።»

ረድኤት ባለችበት ቆመች። «ማን?»

«ሱራፌል። ከወለላ ጋር ሲያወሩ አመሹ። ማን ነው ሞተ ያላችሁ?»

ከባዱ ነገር የረድኤት ፊት ነበር። ያዘነ ፊት ላይ ተስፋ ሲወጣ ማየት ያስፈራል። «ድምፁን አሰሚኝ» አለች ረድኤት። «በእናትሽ፣ ኤልዱ፣ ድምፁን ብቻ አሰሚኝ።»

ኤልዳና ስልኳን አወጣች። እምቢ ብትል ረድኤት ትጮኻለች፤ ረድኤት ከጮኸች ወለላ ትሰማለች። ከዚያ በላይ አላሰበችም፣ ለማሰብም ጊዜ አልነበራትም። የሱራፌልን ቁጥር ደወለችና ስልኩን ለእህቱ ሰጠች።

«ሃሎ» አለ ድምፁ። ሳለ። «ወንድሜ?» አለች እህቱ። «ረድኤት? አንቺ በዚህ ጠዋት ምን አስነሣሽ? ላሚቱ ደግሞ ጠፋች እንዴ?»

ረድኤት መሬት ላይ ተንበረከከች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፣ አፈሩንም ሳመች፣ ተነሥታ እልል አለች። ሴቶቹ የኤልዳናን ክንድ ለቀው እልልታውን ተቀበሏት። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። አባባ ኪሩቤል ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ ኤልዳና መጡ።

«ልጄ፣ ሟርተኛ አደረገን፣ ያ ውሸታም ሹፌር። ይቅር በይን። በበርሽ ክፉ ይዘን መጣን። ዕድሜውን ያርዝመው፣ ልጅሽን ይድረልሽ፣ ክፉ አይንካችሁ።»

«አሜን» አለች ኤልዳና።

እክራም በአጥሯ በኩል ብቅ ብላ ሁሉንም አይታለች። ኤልዳና ቀና ስትል ዓይኗን አሸሸችባት። ሰዎቹ ሻይ እንኳ አልጠበቁም፤ ሱራፌል አለ ብለው አገሩን ለማሰማት ቸኩለዋል። ረድኤት ጥግ እስክትታጠፍ ድረስ እየዞረች እጇን ታውለበልብ ነበር። እንደዚያ ያለ ደስታ ኤልዳና በሰው ፊት ላይ አይታ አታውቅም፣ ያደለችውም እሷ ናት።

ወለላን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት። አምባሩ አረንጓዴ ነው። ኤልዳና ትንፋሿን ለቀቀች።

«አክስቴ ናት?» አለች ወለላ።

«አዎ። ናፍቃን ነው። ቸኩላ ሄደች።»

«እልል ስትል ሰማሁ።»

«ያው ታውቂያት የለ።»

ወለላ ጉልበቷን አቀፈች። «አመነች?» አለች።

«ምኑን?»

«አባዬ አለ ስትያት።»

ኤልዳና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መብራቷን አየች። አረንጓዴ።

«ከዚያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፣ እማዬ» አለች ወለላ። ድምፏ የተስተካከለ ነበር፤ ያ መስተካከሉ ነው እናቷን ያስፈራት። «ሰውየው የመጣ ቀን፣ ማታ ሹሩባ ሠራሽኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እየጎተትሽ፣ ቁጭ በይ እያልሽ፣ ራሴን እያሳመምሽ ነው የሠራሽኝ። ያን ማታ እንደ እንቁላል ያዝሽኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አልጎተትሽም። ማን ሞተ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ስልኩ ጮኸና አንቺ ወጣሽ።»

«ታዲያ ማታ ማታ እንዴት… ትስቂ ነበር እኮ።»

«ካልሳቅኩማ ይጠፋል» አለች ወለላ፣ አምባሯን እያሳየች። «ሲጠፋ ደግሞ አንቺ ምን ትሆኛለሽ?»

ኤልዳና ልጇን አየቻት። ስንት ወር ሙሉ ያ ሁሉ ሐዘን እዚያ ደረት ውስጥ ተቀምጦ ልብ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። ይህችን ልጅ ያን ያህል ወዳት አታውቅም፤ ያን ያህልም ፈርታት አታውቅም። ከእንግዲህ ደህና ነኝ ብትላት በምን ታምናታለች?

«ግመሉ ባንክ ገባ ሲለኝ…» አለች ወለላ። «አባዬ እኮ ባንክ ይፈራ ነበር…» አገጯ ተንቀጠቀጠ። ከንፈሯን ነከሰች፣ አልሆነም። ከውስጧ አንድ ነገር ተነሣ፤ ድምፅ ሊሆን ነው። መብራቷ ቢጫ ሆነች።

ኤልዳና አሰበችበት ለማለት አይቻልም። እጇ ቀድሟት ሄዶ የልጇን አፍ አፈነ። በሌላው እጇ ራሷን ከኋላ ደግፋ ያዘቻት፣ ግንባሯን ግንባሯ ላይ አስደገፈች። «ሽሽ… አታልቅሺ። አይሆንም። ምንም አልሆነም። ሽሽ፣ የኔ እናት፣ ምንም አልሆነም።» የልጅቷ እንባ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ግን መዳፏ ውስጥ ቀረ። ቢጫው ብልጭ ጥፍት አለ። ኤልዳና አጥብቃ ያዘች፣ ሊያማት እንደሚችል እያወቀች። ለአባቷ ልታለቅስ የተነሣችን ልጅ አፍ አፍኖ መያዝ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም አለቀቀችም።

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ወለላ ራሷን ነቅንቃ ምልክት ሰጠች፣ በቃኝ ብላ። ኤልዳና ግን እጇን ቶሎ አላነሳችም።

ፀጉር ቤቱ ያን ቀን ተከፈተ። የደረቀው ዳቦ ተገዛ፣ ስለ ድርቀቱም ጭቅጭቅ ተደረገ። እናትና ልጅ ምሳቸውን በልተው ስለ ጠዋቱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ማታ ስልኩ ጮኸ። ኤልዳና እንደ ልማዷ ወደ በሩ ሄደች፣ ግን አልወጣችም። መውጣቱ አሁን ማንን ይሸውዳል?

«አባዬ» አለች ወለላ። ድምፏ ሞቅ ያለ፣ የሚያሳሳ ነው። «ጠዋት አክስቴ መጥታ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አናገርኳት እኮ» አለ ድምፁ።

«ሞቷል ብለዋት ነው የመጣችው።»

ድምፁ ሳለ። «እናትሽ ምን አለቻት?»

«ደህና ነው አለቻት።»

«ደግ አደረገች» አለ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ ሱራፌል ደስ ሲለው እንደሚናገረው። «ረድኤት ልቧ ስስ ነው፤ እሷንም ከእንግዲህ ማታ ማታ እደውልላታለሁ። ለአባባ ኪሩቤልም እደውላለሁ። እዚያ አገር ያሉትን ሁሉ ሳላገኛቸው ቆየሁ። እስቲ አሁን እናትሽን ስጪኝ።»

ወለላ ስልኩን ወደ በሩ ዘረጋች። ኤልዳና ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ከኅዳር ጀምሮ አንድ ቃል ሰጥታው አታውቅም፣ ዛሬም አትሰጠውም። የወለላ እጅ ተዘርግቶ ቆየ። ዓይኗ እናቷ ላይ ነው። አምባሩ ላይ መብራቷ ቢጫ ሆነች፣ ከዚያ ፈዘዘች።

«ኤልዱ?» አለ ድምፁ ከስልኩ ውስጥ።

ኤልዳና ሮጣ ስልኩን ነጠቀችና ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ወዬ፣ ሱራዬ» አለች።